የዛገ ዳዶን በኦክስጅንና በአሴቲሊን እሳት ስለ መፍታት፦ ለአንድ የኮምቦልቻ ጋራዥ ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ጋራዥ ያላቸው መካኒክ ናቸው። ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልስ አንድ የኢሱዙ የጭነት መኪና የኋላ ባሌስትራውን ሊያስቀይር ገብቶላቸዋል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ-ቦልት (በላቲኑ «ዩ» ፊደል ቅርጽ የታጠፈ ብሎን) ዳዶዎች ግን ሦስት ቀን ሙሉ በናፍታና በላምባ ቢርሱም አልፈታ ብለዋቸዋል። በዚያው መኪና በግራ በኩል ካሉት የጎማ ዳዶዎችም ሁለቱ እንዲሁ እምቢ ብለዋል። «ቀይ እስኪሆን አሙቀህ ውሃ አፍስበት፣ ይፈታል የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ሁለት ተለማማጅ ልጆች አብረውኝ ስለሚሠሩ ፈራሁ። አደጋው ከየት ነው የሚመጣው? ሥራውንስ እንዴት ልሥራው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ከሁሉ አስቀድሜም ሁለቱን ሥራዎች መለየት እፈልጋለሁ። የዩ-ቦልቱ ዳዶና የጎማው ዳዶ ሲታዩ ሁለቱም የዛጉ ዳዶዎች ናቸው፤ እሳት ሲቀርባቸው ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በጥንቃቄ ሊሞቅ ይችላል። ሁለተኛው ግን ጎማው በቸርኬው ላይ እስካለ ድረስ ምንም ዓይነት እሳት ሊነካው አይገባም። ይህን ምላሽ አንብበው ለመጨረስ ጊዜ ባያገኙ እንኳ ይህችን አንዲት ነገር ለልጆቹ ዛሬውኑ ይንገሩልኝ።

በጎማ ዳዶ ላይ ያረፈ ሙቀት በብሎኑና በቸርኬው በኩል አልፎ ወደ ጎማው ውስጥ ይገባል። ላስቲክ ከመጠን በላይ ሲግል ከውጭ ጭስም ነበልባልም ሳይታይበት ከውስጥ እየፈረሰ ተቀጣጣይ ጋዝ ያመነጫል፤ ይህም ጋዝ በጎማው ውስጥ ካለው አየር ጋር ተቀላቅሎ ሙቀቱ ሲበቃው በቅጽበት ይነድዳል። ያን ጊዜ የሚፈጠረው ግፊት ጎማው እንዲሸከም ከተሠራበት ግፊት እጅግ የበለጠ በመሆኑ፣ ፍንዳታው በመንገድ ላይ ከምናውቀው የጎማ መፈንዳት ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ቸርኬውን ሰባብሮ በአጠገቡ ያለውን ሰው ይገድላል። የከፋው ደግሞ ፍንዳታው እሳቱ በበራበት ሰዓት ብቻ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ሠራተኛው ቶርቹን (እሳቱ የሚወጣበትን የእጅ መሣሪያ) አጥፍቶ፣ አደጋው አለፈ ብሎ ቁልፉን ሊያነሣ ሲጎነበስ፣ አንዳንዴም ከሰዓታት በኋላ ሊፈነዳ ይችላል።

«አየሩን ካስተነፈስኩትስ?» ብለው እንደሚጠይቁ እገምታለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ ነውና። የተነፈሰ ጎማ ባዶ ጎማ አይደለም። በውስጡ የቀረው አየር ጋዙን ለማንደድ ይበቃል፤ የቫልቩ ቀዳዳም በቅጽበት የሚወለደውን ግፊት ለማሳለፍ እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ማስተንፈስ አስፈላጊ ቢሆንም እሳት ለመጠቀም ፈቃድ አይሆንም። ምናልባት ይህ ምላሽ ሳይደርስዎ አንዱ ልጅ ዳዶውን አሙቆት ከሆነ፣ ጎማውን ለመንካትም ሆነ ለማስተንፈስ አይጠጉ፤ ሰው ሁሉ ከአካባቢው ይራቅ፣ ቢያንስ እስከ ማግስቱም ድረስ ማንም አይቅረበው።

ታዲያ እነዚያ ሁለት ዳዶዎች እንዴት ይፈቱ? በመጀመሪያ በእርግጥ ወደ መፍቻው አቅጣጫ እያዞሯቸው መሆኑን ያረጋግጡ። ይህን የምለው ሙያዎን ተጠራጥሬ አይደለም። በጃፓን ስልት የተሠሩ ብዙ የጭነት መኪኖች በግራ በኩል ያሉት የጎማ ብሎኖቻቸው ጥርስ ተቃራኒ ስለሆነ፣ እኛ በለመድነው አቅጣጫ ባዞርናቸው መጠን የበለጠ ይጠብቃሉ። የብሎኑን ጫፍ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ይመልከቱ፤ የላቲኑ «ኤል» ፊደል ታትሞበት ካገኙ ያ ብሎን የሚፈታው በተለምዶ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። ሁለት ቀን የታገሉት ዝገት ዝገት ሳይሆን የተሳሳተ አቅጣጫ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አቅጣጫው ትክክል ሆኖ እምቢ ካለ፣ ስድስት ማዕዘን ያለው ልክ ቡሽላና ረጅም ክንድ፣ ወይም ጉልበት የሚያበዛው ባለ ማርሽ የጎማ መፍቻ ይሞከር። ያም ካልሠራ ጎማውን አስተንፍሰው ዳዶውን በድሪል በጎን በኩል ሰርስረው በመሮ ይሰንጥቁት። አዲስ ብሎንና ዳዶ መግዛት ከሚታሰበው አደጋ ሁሉ ርካሽ ነው።

አሁን ወደ ዩ-ቦልቱ ልመለስ። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በብሎኑና በዳዶው ጥርሶች መካከል የነበረው ጠባብ ክፍተት በዚህ እያበጠ በሚሄድ ዝገት ስለሚሞላ ሁለቱ እንደ አንድ ብረት ይሆናሉ። በአፍዴራ መንገድ የሚመላለስ መኪና ደግሞ ጨውና አቧራ ከሥሩ ስለማይለዩት የእርስዎ ደንበኛ መኪና በዚህ ደረጃ መዛጉ አያስገርምም። የእሳቱ ጥቅም ዳዶውን ማለስለስ ሳይሆን ዳዶውን ከብሎኑ ቀድሞ ማስፋት ነው። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 12 እጅ ያህል ይለጠጣል። የ20 ሚሊ ሜትር ብሎን የያዘ ዳዶ ሙቀቱ በ280 ዲግሪ ቢጨምር ቀዳዳው በ0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም በአንድ የሰው ጸጉር ውፍረት ያህል ይሰፋል። ትንሽ ትመስላለች፤ የዝገቱን ቁርኝት ለመስበር ግን ትበቃለች። ይህ የሚሆነው ታዲያ ብሎኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው። ብዙ ደቂቃ ቀስ እያሉ በትንሽ ነበልባል ቢያሞቁት ሙቀቱ ወደ ብሎኑም ስለሚተላለፍ ሁለቱም እኩል ሰፍተው ድካምዎ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ነበልባሉ ጠንከር ያለ፣ ጊዜው ግን አጭር መሆን አለበት።

ሆኖም እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ዩ-ቦልቱን ላድን አልልም። እነዚህ ብሎኖች ሲጠብቁ የሚለጠጡ፣ በሙቀትና በማቀዝቀዝ ጥንካሬያቸውን ያገኙ ብረቶች ናቸው። አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይተካሉ፤ እሳት ከነካቸው ደግሞ ጥንካሬያቸው ስለሚቀንስ መልሶ መግጠም ፈጽሞ አይገባም። በራሳቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ቁጥር ያለባቸው ብሎኖችም ሁሉ እሳት ከነካቸው ተመልሰው አይገጠሙም። ባሌስትራውን ከሚቀይሩ ዘንድ አዲስ ዩ-ቦልት ከነዳዶው ማስገዛት የሥራው አንድ ክፍል ነው፤ ደንበኛውንም ይህን ማስረዳት የእርስዎ ድርሻ ነው። ያረጀው ከሆነ የሚጣለው፣ ዳዶውን በፍሌክስ (በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር የብረት መቁረጫ) መቁረጥ ከእሳቱ ይቀድማል። እሳት የምመርጠው ፍሌክሱ የማይገባበት ጠባብ ቦታ ሲያጋጥም ብቻ ነው።

እሳት ግድ ከሆነ ነበልባሉን ወደ ባሌስትራው አያዙሩ። ባሌስትራ ልዩ የሙቀት ዝግጅት የተደረገለት ብረት በመሆኑ አንድ ቦታው ቢግል እዚያ ላይ ጸባዩ ይለወጣል፤ ጉዳቱም በዚያን ቀን ሳይታይ ቆይቶ ጭነት ሲወጣበት በስብራት ይገለጣል። እርስዎ አሮጌውን ባሌስትራ በሙሉ የሚጥሉት ከሆነ ግድ የለም። የተሰበረውን አንዱን ቅጠል (ከተደራረቡት የባሌስትራ ብረቶች አንዱን) ብቻ ለመቀየር ካሰቡ ግን የቀሩትን ቅጠሎች እያበላሹ ነው ማለት ነው።

ቶርቹ ከመለኮሱ በፊት የሚከናወነው ሥራ ከመለኮሱ የበለጠ ነው። የእርስዎ ዳዶዎች ሦስት ቀን ናፍታና ላምባ ጠጥተዋል። በዚህ ላይ እሳት ማቅረብ ራስን መለኮስ ነውና በመጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፣ በጨርቅ ይደርቁ። ጨርቁንም ከመኪናው ያርቁት። በፋብሪካ የተሠራ የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። ከእነዚህ ፈሳሾች ክሎሪን ያለባቸው እሳት ሲያገኛቸው እጅግ መርዛማ ጋዝ ይሰጣሉ። ቀጥሎ በእጅዎ ባትሪ ይዘው ከመኪናው ሥር ይግቡና ከዳዶው አንድ ሜትር ዙሪያ ያለውን ሁሉ ይመርምሩ፦ የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ መስመር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የላስቲክ ጉሚኒ፣ በአክስሉ ጫፍ ያለ ግሪስ። የሚነሣውን ያንሡ፣ የማይነሣውን በብረት ሰሌዳ ይጋርዱ። ሾክ አብዞርበሩን ግን መጋረድ አይበቃም። የታሸገ ዕቃ ሁሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ፈሳሽና ጋዝ ስለሚያብጥ ሊፈነዳ ይችላልና በአጠገቡ ካለ ይነሣ። ባዶ የነዳጅ ታንክም በእንፋሎት የተሞላ ስለሆነ ከሙሉው ታንክ ያነሰ አደገኛ አይደለም። የመኪናውን ባትሪ መስመርም ይንቀሉ።

ዳዶው ብርማ የዚንክ ቅብ ካለበት ጭሱ ማታ ብርድ ብርድና ትኩሳት የሚያመጣ በመሆኑ ቅቡን በሞረድ ያንሡ፣ ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው ይሥሩ። ወርቃማ ቢጫ መልክ ያለው ቅብ አንዳንዴ ካድሚየም ሊሆን ይችላል። የካድሚየም ጭስ ሳንባን አቃጥሎ የሚገድል በመሆኑ ይህን መልክ ያለውን ዳዶ እኔ በእሳት አልነካም።

ስለ ጋዞቹም ጥቂት ልጻፍ። አሴቲሊን በባሕርይው ያልተረጋጋ ጋዝ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀመጠው ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ሙሌት ውስጥ በገባ አሴቶን ተሟሙቶ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይሠራል። ከአዲስ አበባ በጣርማ በር በኩል ተጋድሞ ተጭኖ የመጣ ሲሊንደር እንደ ደረሰ ከሬጉሌተር (ከጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያው) ጋር አይገናኝ። ቆሞ ጥቂት ሰዓታት ይቆይ፤ አለበለዚያ አሴቶኑ ከጋዙ ጋር ወደ ጋዙ የላስቲክ ቱቦ ይወጣል። የመውጫ ግፊቱ ከ1 ባር፣ ማለትም በፓውንድ መለኪያ ከ15 በላይ በፍጹም አይከፈት። ከዚያ በላይ የተጫነ አሴቲሊን ኦክስጅን ሳያስፈልገው ራሱ ፈርሶ ሊፈነዳ ይችላል። ለአንድ ዳዶ ማሞቂያ ከዚህ ግማሽ እንኳ በቂ ነው። የአሴቲሊኑ ሲሊንደር ከአንድ ዙር ተኩል በላይ አይከፈት፤ ቁልፉም እዚያው ላይ ይቅር፣ አደጋ ቢመጣ ቶሎ እንዲዘጋ። በሐምሌ ጠዋት ደሴ ላይ ብርዱ ጋዙን ስለሚያደክመው ሲሊንደሩን በፈላ ውሃ፣ አንዳንዱም በእሳት የሚያሞቅ አለ። ይህ እጅግ ከባድ ስሕተት ነው።

የኦክስጅኑ ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው። ኦክስጅን ራሱ አይነድድም፤ የሚነድደውን ሁሉ ግን ያስቆጣል። በሲሊንደሩ አንገት፣ በሬጉሌተሩ ወይም በእጅዎ ላይ ያለ ጥቂት ግሪስ ከፍ ያለ ግፊት ካለው ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። መካኒክ እጁ ከዘይት አይለይምና የጋዝ መሣሪያውን ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና መታጠቡን ሕግ ያድርጉት። ልብሱን በኦክስጅን ነፍቶ አቧራ የሚያራግፍ ተለማማጅ ካዩ በጊዜ ያስቁሙት፤ ያ ልብስ አንዲት ፍንጣሪ ስታገኘው እንደ ጭድ ይነድዳል።

በሁለቱም መስመሮች ላይ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ መሣሪያ ይኑር። ከውሃና ከካርባይድ የአሴቲሊን ጋዝ የሚያመርተውን በርሜል የሚጠቀሙ ጋራዦች በየቦታው አሉ። ያለ እሳት ማገጃ የሚሠራ እንዲህ ያለ በርሜል እሳቱ በተመለሰበት ቅጽበት ይፈነዳልና የእርስዎ እንዲያ ከሆነ በሲሊንደር ይቀይሩት። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ። በክብሪት መፈተሽ አይታሰብ።

ሥራው እንግዲህ እንዲህ ይሄዳል። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቁም፣ ጎማው ከነቸርኬው ወጥቶ ይራቅ። ይህም የጎማ ዳዶዎቹ አስቀድመው መፈታት እንዳለባቸው ያስገነዝባል። የሚሠራው ሰው የጥጥ ልብስ፣ የቆዳ ጓንትና የጋዝ ብየዳ ጥቁር መነጽር ይልበስ፤ ናይለን በሰውነት ላይ ቀልጦ ይጣበቃል። ከሥር ተጋድሞ ወደ ላይ ማሞቅ ፍንጣሪን በፊት ላይ መቀበል ስለሆነ ከጎን ሆኖ የሚሠራበትን አቀማመጥ ይፈልጉ። ሁለቱን ቱቦዎች በየተራ ጥቂት አስተንፍሰው ከውስጣቸው ያለው ድብልቅ ይውጣ። ከዚያ አሴቲሊኑን ብቻ ከፈት አድርገው በብየዳ መለኮሻ ይለኩሱ፣ ጥላሸቱ እስኪጠፋ ይጨምሩ፣ ኦክስጅኑንም የውስጠኛው ሾጣጣ ነበልባል ጥርት እስኪል ድረስ ይክፈቱ። ከ3,000 ዲግሪ በላይ የሆነው የዚህ ሾጣጣ ጫፍ ብረቱን እንዳይነካ በጥቂት ሚሊ ሜትር ያርቁት።

ዳዶውን ከማሞቅዎ በፊት አንዱን ገጹን በሞረድ እስኪያበራ ይሙረዱት። ነበልባሉን በቀሩት ገጾች ላይ እያዟዟሩ ሲያሞቁ የተሞረደው ገጽ መጀመሪያ የገለባ መልክ ይይዛል፣ ቀጥሎ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ሰማያዊው 300 ዲግሪ ገደማ መድረሱን ስለሚነግርዎ እዚያ ላይ ያቁሙ። «ቀይ እስኪሆን» የሚለው ምክር የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ደብዛዛው ቀይ 600 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ግን ፈጽሞ አይታይም። በፀሐይ ላይ ቆሞ ቀይ የሚጠብቅ ሰው ብረቱን ከሚያስፈልገው በላይ እጅግ አግሎታል። ስለዚህ ሥራው በጥላ ይሁን።

ሰማያዊው እንደታየ ቶርቹን አጥፍተው ወዲያው ቁልፉን ያስገቡ። መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ነካ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው፤ እንዲህ እየተመላለሱ ዝገቱን ይሰብሩታል። እምቢ ካለ ትንሽ ይቀዝቅዝና ተራ ሻማ በብሎኑና በዳዶው መጋጠሚያ ላይ ያስነኩ። የቀለጠው ሰም በጥርሶቹ መካከል ሰርጎ ይገባል። ሻማው ከጨሰና ከነደደ ዳዶው ገና ብዙ ሙቀት አለውና ጥቂት ይጠብቁ። በጋለ ብረት ላይ ላምባ፣ የፍሬን ዘይት ወይም የሚረጭ ዝገት ማላቀቂያ አይጨምሩ፤ የማላቀቂያው ቆርቆሮም በአካባቢው አይኑር። ሁለተኛው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይሳካል። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ እምቢ ያለ ዳዶ ይቆረጥ።

ውሃ ማፍሰሱን በተመለከተ፣ ጠንካራ ብሎን ቀይ እስኪሆን ግሎ ድንገት ውሃ ሲያገኘው እንደ መስተዋት ተሰባሪ ሊሆን ይችላል፤ በመዶሻ ሲመታ የሚበር ስባሪም ዓይን ያጠፋል። እንፋሎቱም ያቃጥላል። ውሃው በባልዲ ይቅረብ፣ የሚጠቅመው ግን እሳት ለማጥፋትና የተቃጠለ እጅን ለማዳን ነው። ልጆቹ እጃቸው ቢቃጠል 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ይያዝ፤ የጥርስ ሳሙናም እንቁላልም አይቀባ።

በሥራ መካከል ቶርቹ ጠርቀም ብሎ ወደ ውስጥ የሚያፏጭ ድምፅ ካሰማ እሳቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። በመጀመሪያ የቶርቹ ኦክስጅን፣ ወዲያው አሴቲሊኑ፣ ከዚያም ሁለቱ ሲሊንደሮች ይዘጉ። ይህን ቅደም ተከተል ልጆቹ በጠፋ ቶርች ላይ ደጋግመው እንዲለማመዱት እለምንዎታለሁ፤ በድንጋጤ ጊዜ እጅ የሚያደርገው የለመደውን ነውና።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ የሠራሁት ስሕተት ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነበር። ዳዶው ተፈታ፣ መሣሪያውን ሰብስቤ ምሳ ሄድኩ፤ ስመለስ በመኪናው ወለልና በሻሲው መካከል የገባች አንዲት ፍንጣሪ በዘይት የራሰ ጨርቅ አግኝታ የካቢኑን ሥር አቃጥላለች። ጎረቤት ጢሱን አይቶ ባይደርስ ኖሮ መኪናው ባልተረፈ ነበር። ስለዚህ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አንድ ሰው፣ በእጁ የእሳት ማጥፊያ ይዞ፣ እዚያው ይቆይ። የምሳ ወይም የመዝጊያ ሰዓት ሲቃረብ ቶርች አይለኮስ።

አዲሶቹ ዩ-ቦልቶች ሲገጠሙ አራቱ ዳዶዎች በመስቀል ቅርጽ እየተፈራረቁ በአምራቹ ልክ ይጥበቁ። ባሌስትራውም ጎማውም ሥራ ከጀመሩ በኋላ ጥቂት ስለሚረጋጉ፣ ሹፌሩ ባዶውን ወጥቶ ባቲ ሲደርስ ቆሞ የጎማ ዳዶዎቹን በቁልፍ እንዲፈትሽ፣ ጨው ጭኖ ሲመለስ ደግሞ ወደ እርስዎ ገብቶ ዩ-ቦልቶቹ እንደገና እንዲጠብቁለት ይንገሩት።